ጭነት ያጣ መዘውር

እናቴ ቃል ያስገባችን ሁለታችንንም በር ላይ አቁማ ነው። «አንድ ሙከራ ብቻ። ጠብታ ደም ከፈሰሰ ግን፣ ያንን ብረታችሁን በገዛ እጃችሁ በመዶሻ ትሰብሩታላችሁ።» ወንድሜ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እናቴ ስትቀልድና ሳትቀልድ ለይቼ አውቃለሁ።

ፍርሃቷ ከመሬት የበቀለ አይደለም። አባታችን ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን የወፍጮው ቀበቶ የሸሚዙን እጅጌ ያዘና ይዞት ዞረ። ያኔ እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፣ ወንድሜ ደግሞ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ የሚሽከረከር ነገር ባለበት አትቀመጥም። የልብስ ስፌት መኪናዋን እንኳ ለጎረቤት ሰጠች። እንግዲህ ልጆቿ ምን ሆነው አደጉላት? እኔ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ጠምጣሚ፣ እሱ በያጅ።

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጥድፊያ» ነው የሚለው። ትኩስ ነገር ጎርሶ ምላሱን ሲያቃጥል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እጁ ግን የተባረከ ነው። በጓሯችን የሚያልፈውን ቦይ አይቶ «ይሄ ውሃ እኮ በነጻ ነው የሚሮጠው» ያለው እሱ ነው። ዋናው የመብራት መስመር ከሚመጣበት የሚጠፋበት ቀን በዝቶ፣ የእኔም የእሱም ሥራ ቆሞ ነበር። ወፍራም ቧንቧ በቁመቱ ሰነጠቀና ክንፎች አወጣለት፤ ክንፎቹን በሁለት ክብ ላሜራዎች መሃል ዙሪያውን በየዳቸው። መዘውሩ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ከተጣሉ ሞተሮች የነቀልኳቸውን ማግኔቶች ደርድሬ፣ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ጄኔሬተሩን ሠራሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ቀበቶ ነው። ቀበቶውን ለእናታችን አላሳየናትም።

ሌላም የደበቅናት ነገር ነበር። በውሃ የሚዞር ጄኔሬተር ከተጠመደ በሬ አይለይም፤ ቀንበሩ ድንገት ከወረደለት ይፈረጥጣል። አምፖሎቹ ሲበሩ ኃይሉን ይበሉታል፣ መዘውሩም ጭነቱ ተሰምቶት ረጋ ብሎ ይዞራል። አምፖሎቹ ከጠፉ ግን ውሃው መግፋቱን አይተውም። መዘውሩ የሚይዘው ያጣና እስኪሰበር ድረስ ይሮጣል። ይህንን የሚቆጣጠር መሣሪያ ይሠራለታል፤ እኛ ገና አልሠራንለትም። ስለዚህ በየክፍሉ አምፖል ሰቅለን፣ ሙከራው እስኪያልቅ ሁሉንም አብርተን ልንተው ወሰንን።

«ለእማዬ እንንገራት» አልኩት።

«ምን ብለን? ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል ብለን? እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! መብራቱን እንዳትነኪ እንበላትና ይብቃ።»

ክፉ ሐሳብ እንደሆነ ሆዴ ነግሮኛል። ግን እኔም ሲዞር ለማየት ቸኩያለሁ። ጥድፊያ የሚለውን ስም ለእሱ ብቻ መስጠታቸው አድልዎ ነው። ገብቼ «እማዬ፣ መብራቶቹን እንዳትነኪ» አልኳትና ወጣሁ።

ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ከቦዩ ውሃውን ወደ መዘውሩ የሚለቀውን ሳንቃ እኔ ወደ ላይ ሳብኩት። ወንድሜ በዚያው ማለዳ ቆርጦ የገጠመው አዲስ ሳንቃ ነው፤ ውሃ እንዳያሾልክ ብሎ ልክክ አድርጎታል። ውሃው በቧንቧው ቁልቁል ወረደ፣ ክንፎቹን መታ፣ መዘውሩ አንዴ አቃሰተና ዞረ። ቀበቶው ተወጠረ። ኃይሉን የሚለካው የቴስተር መርፌ ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣና ከምንፈልገው ቦታ ላይ ቆመ። የሳሎኑ መስኮት በራ፤ ጓዳው በራ፤ መኝታ ቤቱም በራ።

«በራ!» አለች እናቴ ከውስጥ። ደስታዋ ከአፏ አምልጧት ነው መሰለኝ ወዲያው አስተካከለችው። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ እወቁ!»

ጥድፊያ ጨፈረ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምን ያሳፍረኛል፣ በእጄ የጠመጠምኩት ሽቦ ነው ያበራው። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ከመዘውሩ ሥር ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ዘንጉን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ላልቷል።

«ቆይ ውሃውን ልዝጋው» አልኩ።

«ለአንድ ብሎን?» መፍቻውን ይዞ ዘሎ መዘውሩ የተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!»

«ስለቅም ታግዢኛለሽ» አለና ጎንበስ አለ።

ጉድጓዱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላ በኩል መዘውሩ አለ። መውጫው ደግሞ በቀበቶው ላይ ተሻግሮ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ አንድ ዓይኔን ከእሱ፣ አንድ ዓይኔን ከመርፌው ላይ አሳርፌ ነበር። መርፌው ትንሽ ከፍ አለ። ውሃው ጨምሮ ይሆናል ብዬ ወደ ቦዩ አየሁ። ውሃው ያው ነው። መርፌው እንደገና ዘለለ። ያኔ ቀና ብዬ ቤታችንን አየሁ። የሳሎኑ መስኮት ጨልሟል። እያየሁት ጓዳውም ጨለመ።

በጠራራ ፀሐይ መብራት ማብራት እናቴ ዘንድ ኃጢአት ነው። በዚያ ላይ የልጆቿ ማሽን እንዳይደክም አዝናለታለች። «አትንኪ» ያልናት «አትሰብሪብን» ማለት መስሏት ይሆናል፤ ቀስ ብላ፣ ማጥፊያውን በጣቷ ጫፍ እየተጫነች፣ ከክፍል ክፍል ትዞራለች።

«ውጣ!» አልኩት። መኝታ ቤቱም ጠፋ።

መዘውሩ ጮኸ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከብረት ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜ ቀና ሲል ቀበቶው በፊቱ እየተርገበገበ መንገዱን ዘግቶበታል። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፎ። እጅጌውን እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ።

ወደ ሳንቃው ሮጥኩ። ገፋሁት፤ አልወርድ አለ። ደረቁን ልክክ ብሎ የተገጠመ እንጨት ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ከተገጠመበት ማቀፊያ ውስጥ ተቀርቅሯል። በተረከዜ መታሁት፣ በድንጋይ መታሁት፣ ረገምኩት። ከኋላዬ አንድ ነገር ጧ አለ። አንዱ ክንፍ ከብየዳው ተገንጥሎ ከወንድሜ ጆሮ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ቦጭቆታል።

«እማዬ! አብሪው! መብራቱን አብሪው!»

የሳሎኑ አምፖል እንደ ብልጭታ በርቶ ፈነዳ። የጓዳውም ፈነዳ። የመዘውሩ ፍጥነት ለአምፖል የሚሆን አልነበረም። እናቴ በር ላይ ወጣች፣ ሁለት እጆቿን ወደፊት ዘርግታ።

«የቱን ልንካ?» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «ንገሪኝ! የቱን ነው የምነካው?»

«ምድጃውን! የኤሌክትሪክ ምድጃውን እስከ መጨረሻ ክፈቺው! ካውያውንም ሰኪው!»

ገባች። ያቺን ቅጽበት እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ጩኸቱ ወፈረ። መዘውሩ የሆነ ከባድ ነገር እንደተጫነበት ሁሉ ዝግ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካውያው ሲሰካ ይበልጥ ዝግ አለ። የሽቦው ቫርኒሽ ተቃጥሎ ከጄኔሬተሩ ጭስ ወጣ። ይቃጠል አልኩ፣ እንኳን ሽቦዬ እኔም ልቃጠል። ያንኑ ድንጋይ በሁለት እጄ አንሥቼ ሳንቃው ላይ ለቀቅኩት። ተሰነጠቀና ወረደ፣ ውሃውም ተቆረጠ።

ጥድፊያ ከጉድጓዱ የወጣው በእጁና በጉልበቱ ነው። እናቴ ደረሰችበት። ሁለት እጆቹን አገላብጣ አየች፣ አንገቱን አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካች። ደም የለም።

«መዶሻውን ላምጣ?» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ወደ ሁለታችንም ዞረች። «መብራቱን ሳጠፋ እንዲህ እንደሚሆን ታውቁ ነበር?»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። «እናውቅ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ምነው አትነግሩኝ?»

«ትከለክይናለሽ ብለን ነው።»

«እከለክላችሁ ነበር።» ከቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«አባታችሁ የሞተ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄጄ ነበር» አለች።

ይህንን ሰምተን አናውቅም። ሲነገረን የኖረው ሰው መጥቶ እንዳረዳት ነው።

«የወፍጮው ማቆሚያ እዚሁ አጠገቤ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ማቆሚያው እሱ መሆኑን ያወቅኩት ሌላ ሰው ሮጦ መጥቶ ሲስበው ነው። አባታችሁ 'እዚህ ያለውን ነገር አንዱንም እንዳትነኪ' ይለኝ ነበር እንጂ፣ የቱ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እየጠራኝ ቆሜ አየሁት።»

ወንድሜ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ከጥቂት ሰዓት በፊት እኔም ገብቼ ያንኑ ቃል ደግሜላታለሁ። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተነሣችና ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ከተሰበረው ክንፍ አጠገብ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጠቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀበቶ ነው፣ እማዬ» አለ ጥድፊያ፣ ቀስ ብሎ።

«ቀበቶስ አውቃለሁ። የሚቆመው በየቱ ነው?»