ማሳችሁ አንድ ነው ወይ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው፣ ሌላ ቀን አይደለም፣ ጌታሰው ጎንደር የሕግ ፈተና ላይ ተቀምጦ ስለ ይዞታ መብት ሲጽፍ፣ እዚህ ደሃና ወረዳ የመሬት ቀያሹ እናቱን ለተጊዮርጊስን ማሳዋ ላይ አቁሞ በአማርኛ ጠየቃት፣ ከአያ ካሤ ጋር አንድ ናችሁ ወይ፣ እሷ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፣ አማርኛዋ የገበያ፣ የጨውና የበርበሬ፣ አያ ካሤ ደግሞ የሟች ባሏ ወንድም፣ ዝምድናቸውን የጠየቃት መስሏት፣ እንዴታ፣ አንድ ነን እንጂ፣ አለች፣ ሰው ፊት የባሏን ወንድም ባዳ ነው ትበል? ቀያሹ ሁለቱን ማሳ አንድ አድርጎ በአያ ካሤ ስም መዘገበ። አለቀ። በሰኔ የድንበሩ ሣር ታረሰ፣ የወሰን ምልክቱ ሬት ተነቀለ፣ የአባቱ መሬት ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ዛሬ ጌታሰው ራሱ በእግሩ ረግጦ ማሳየት ያቅተዋል።

ዛሬ ሌላ ቀያሽ መጥቷል፣ ይርዳው የሚባል የጎጃም ልጅ፣ የድሮ ስሕተት ካለ አሁኑኑ ተናገሩ፣ ካርታው ከወጣ በኋላ እኔ የለሁበትም፣ ይላል፣ ጌታሰው እናቱን ያያል፣ አሁን ይጠይቃታል፣ ደግማ አንድ ነን ብትለውስ፣ መንገድ ላይ ለምኗታል፣ እማ፣ የኔ ነው በይ፣ በቃ፣ እሷም፣ ተው ልጄ፣ እኔ ከካሤ ጋር ሰው ፊት አልካካድም፣ አባትህ የሞተ ዓመት በሬ አውጥቶ ያረሰልኝ ማን ሆነና፣ አዎ አረሰ፣ አርሶ ወሰደ፣ ገብሱ ወደሱ ጎተራ፣ ለሷ እፍኝ፣ እሱንም ደስ ሲለው።

በስሕተት የተሰጠ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ይህን ያጠና ሰው፣ ሰቆጣ ለባዳ ሲከራከር የሚውል ሰው፣ ለእናቱ ሲሆን ወደ ኋላ ይላል፣ ማንን ፈርተህ ነው አንተ፣ አያ ካሤን? አይደለም። የሷን አፍ ነው።

መልሰውም እዚያው ቆሟል፣ የአያ ካሤ ልጅ፣ ከጅዳ የተመለሰው፣ ማሳውን ሙሉ ባሕር ዛፍ ሊያለብሰው፣ በቀደም እየሳቀ፣ እትዬ፣ ለመሆኑ ጎጆዎ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው? ቀልድ ነው ተባለ። ምን ቀልድ አለው፣ አባቱ ዐይኑን የከደነ ዕለት ያስወጣታል፣ ወዴት፣ ሰቆጣ ጌታሰው የተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ማንንም በማታውቅበት ግቢ፣ ግድግዳ ስታይ ልትውል፣ በወር አትሞትም? ትሞታለች።

እናቴ፣ ይላል ይርዳው፣ ከእኚህ ሰውዬ ጋር ማሳችሁ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ለተጊዮርጊስ ዞር ብላ አያ ካሤን ታየዋለች፣ በቁጣ አይደለም፣ አንተ ንገረው እንጂ እንደማለት፣ ዛሬም ታምነዋለች፣ አያ ካሤ በዱላው ጓል እየፈረከሰ መሬት መሬቱን ያያል፣ ይስላል፣ ቶሎ በሉ እንጂ፣ አባዬ ደክሞታል፣ ይላል መልሰው፣ የለተጊዮርጊስ ከንፈር ሊላቀቅ ነው፣ ሊላቀቅ ነው፣

አያ ካሤ! ይላል ጌታሰው፣ ጩኸቱ የራሱ አይመስለውም፣ እሷ አትመልስም፣ እርስዎ ይመልሱ፣ ለቀያሹ አይደለም፣ ለሷ፣ በአማርኛም አይደለም፣ በኽምጣኛ፣ ዐይን ዐይኗን እያዩ፣ ይሄ መሬት የማን ነው? ይናገሩ እንጂ፣ የማን ነው?