ሰገነትና የክርስትናው ጠላ

ሰገነት ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወደ ቢቸና የተመለሰች ዕለት፣ ያያት ሰው ሁሉ በሽታ የተነገራት ሳይሆን ሎተሪ የወጣላት ነበር የሚመስለው። እናቷ በር ላይ ቆመው ሲጠብቋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "እማዬ፣ ለካ ስም አለው! ቦርደርላይን ነው የሚባለው!" አለቻቸው።

"ምኑ?"

"ይሄ ጠባዬ ነዋ! ዛሬ ሞትኩልህ ያልኩትን ሰው ነገ ዓይኑን እንዳላይ የምምለው፣ ስልክ ሳይነሳልኝ ሲቀር ሰማይ የሚደፋብኝ፣ ሁሉም ጥሎኝ ይሄዳል እያልኩ ቀድሜ ብድግ የምለው። ሕመም ነው እማዬ። ሕክምና አለው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ብዙ ሰው ይሻለዋል አለችኝ ሐኪሟ።"

እናቷ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ስምማ ድሮም ነበረው፤ እኛ ሰገነት ነበር የምንለው" አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ ልጃቸው "ይሻላታል" ሲባል ሰምተው አያውቁም ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰገነት ቀላል ሰው አይደለችም። የሀገር ልብስ ስትሰፋ እጇ ይባረክ ያሰኛል፤ ግን ደንበኛዋ "ትንሽ ጠበበኝ" ካለቻት ቀሚሱን እዚያው ቀዳ ትጥለዋለች፤ ማታውን ደግሞ እያለቀሰች አዲስ ሰፍታ በነጻ ታደርስላታለች። እሷን ከሰው በማስታረቅ የቢቸና ሽማግሌዎች ጫማ አልቋል። አንዱማ አንጀታቸው ቢቆርጥ፣ "ልጄ፣ ለዘንድሮ ይብቃን። ከእንግዲህ የምትጣያቸውን ለመስከረም አቆዪልን" ብለዋታል።

የውበቴ ግን የባሰ ነው። ውበቴ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ትዳር ይዛ የምትኖረው ሞጣ ነው። በሠርጓ ቀን ሰገነት አንደኛ ሚዜ ሆና ሳለ፣ ሙሽራዋ ፎቶ ስትነሳ ለሌላዋ ሚዜ አብዝታ ሳቀች ተብሎ፣ እመቤቲቱ ዓይነ ርግቡን ከሙሽራዋ ራስ ላይ መንጭቃ ሚኒባስ ተሳፍራ ቢቸና ገባች! ታረቁ። ተጣሉ። እንደገና ታረቁ። እንዲህ ሲሉ ቆይተው ውበቴ ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን የፊታችን እሑድ ነው፤ ውበቴ የክርስትና እናት እንድትሆን የመረጠችው ደግሞ፣ ሰው የጠፋ ይመስል፣ ሰገነትን ነው።

ክርስትና እናትነት እንደ ሚዜነት ባኮረፉ ቁጥር ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። የዕድሜ ልክ ነው። ሰገነት ይህን ስታስበው ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይመጡባታል፤ እንዲህ ያለ የማይፈታ ነገር ማንም ሰጥቷት አያውቅምና። ሕመሟን ደብቃ ልጅቱን ብትታቀፍ ማታለል መሰላት። ብትናገር ደግሞ ውበቴ "እንግዲያውስ ሌላ ሰው ልፈልግ" ልትል ነው። ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰንብታ ልትነግራት ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ለድግስ ነውና ለጋ ቅቤ ቀባ አድርጋበት፣ የሞጣ ሚኒባስ ተሳፈረች። ግንደወይን ሊደርሱ ሲሉ "እየመጣሁ ነው" ብላ የላከችውን መልእክት ውበቴ አየችው፤ መልስ ግን የለም። ሰገነት ስልኩን ደግማ አየችው። አሁንም የለም። ያ የምታውቀው የንዴት እሳት ተነሳባት። "ካልፈለግሽኝ ተይው" ብላ ጻፈች፤ ልትልከው ስትል የሐኪሟ ምክር ትዝ አላት። እሳቱ ሲነሳ መልስ አትስጪ፣ የትም አትሂጂ፤ መጀመሪያ ፊትሽን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪ፤ ከዚያ የሆነውን ነገርና የፈራሽውን ነገር ለይተሽ እዪ።

"ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች።

"ሞጣ አልነበር እንዴ ያልሽው?" አላት ሾፌሩ።

"አልወርድም፤ ፊቴን ነክሬ ልመለስ ነው።"

ግንደወይን ላይ ሻይ ቤት ገብታ ባልዲ ውሃ አስቀዳችና፣ ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አንገቱን አስግጎ እያያት፣ ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ ከተተችው። ስትመለስ ከጎኗ የተቀመጡት የሞጣ ነጋዴ፣ ጋሽ ሙሐመድሁሴን፣ ነገሩን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ አሰብ አደረጉና፣ "ልጄ፣ ለግብር ጉዳይስ ይሠራ ይሆን?" አሏት። መሳቋን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። "ልጅቷን እያጠባሁ ነው እኮ፣ ፍጠኚ!" የሚል የውበቴ መልእክት ነበር።

ሞጣ ስትደርስ ውበቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቤቱ በድግስ ተተረማምሷል። ሰገነት አረፍ በይ እስክትባል እንኳ አልጠበቀችም። ውበቴ ሽንኩርት ወደምትከትፍበት ተከትላት ሄዳ፣ ከቦርደርላይን እስከ ባልዲው ሁሉንም እዚያው ዘረገፈችው። የውበቴ እንባ ይወርዳል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በወሬው ግን ለማወቅ አልተቻለም።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ከኋላቸው "ምን? ምን አልሽ?" የሚል ድምፅ መጣ። የውበቴ አማት እትዬ አመተ ሥላሴ ናቸው። ለካ ሁሉንም ሰምተዋል።

"ልጅ እኮ የክርስትና እናቷን ነው የምትወጣው! እኔ የልጄን ልጅ በጄ አሳልፌ ለእንዲህ ያለ ጠባይ ልስጥ? በፍጹም!"

ውበቴ አፏን ከፈተች። ልክ በዚያች ቅጽበት ሕፃኗ ከውስጥ ጮኸች፤ ውበቴም ቢላዋውን ጥላ ሮጠች። ለሰገነት ያ ዝምታ በቂ ነበር። አበቃ፤ አልፈለገችኝም አለች በልቧ። እሳቱ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጆሮዋ ደረሰ። መልስ አልሰጥም። የትም አልሄድም። ውሃ! ውሃ የት አለ? ጥርሷን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። በዳበሳ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል አገኘች፤ ክዳኑን ገፋ አድርጋ፣ ትንፋሿን ያዘችና ከነሹሩባዋ ጥልቅ አለች።

ውሃው ወፈረባት። ደግሞም መረራት።

እትዬ አመተ ሥላሴ የስልካቸውን መብራት አብርተው ጓዳ ሲገቡ፣ ለነገው ድግስ ተጠምቆ የተቀመጠው ጠላ ውስጥ የሰው ጭንቅላት አዩ። "ኡኡ! ኧረ የሰው ያለህ! ጠላውን በሙሉ ፊቷ እየጠጣችው ነው!"

ውበቴ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ሰገነት ቀና ብላ ቆማለች። ጠላው ከአገጯ ይንጠባጠባል፤ የሹሩባዋ ቅቤ ደግሞ በርሜሉ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይንሳፈፋል።

"ውሃ መስሎኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እትዬም ልክ ናቸው። ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ ልሂድ።" እግሯ በሩ ጋ ደረሰ። እግር መቼም የለመደውን አይተውም። ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። "የለም፣ አልሄድም! መሄድ የፈለግኩት ሂጂ እንዳትይኝ ስለፈራሁ ነው። አንቺ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ካላልሽኝ ግን እዚሁ ነኝ፣ ውበቴ።"

ውበቴ እሷን አላየቻትም። ዓይኗ በርሜሉ ላይ ነው። "ስንት የለፋሁበት ጠላ! ቅቤ! ቅቤ እኮ ነው ያገባሽበት!"

"ተናደድሽብኝ?"

"ተናደድሽብኝ ትላለች ደግሞ! ደሜ ፈልቷል! እንቺ፣ ያዢያት!" ብላ ሕፃኗን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት። "ጎረቤታችን ወለተ ገብርኤል ቤት ጠላ ልለምን ልሄድ ነው፤ ያንቺ ነገር መጨረሻው ልመና ነው!"

"ለእሷ ሰጥተሻት ልትሄጂ? ልጅቱ ብትወጣትስ?" አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ።

"ትውጣታ እማማ! እሷ ቢከፋት ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ምን ሆኜ ነው ብላ ጠየቀች። እኛ ቤት ሲከፋው ከመጮህ ሌላ የሚያውቅ ማን አለ? እስቲ አንድ ሰው ይጥሩልኝ!"

እትዬ አመተ ሥላሴ የሚጠሩት ሰው ፈለጉ፤ አጡ።

"ውበቴ" አለች ሰገነት። "እንዲህ ተናደሽብኝ... ጥለሽኝ አትሄጂም?"

"የት አባቴ እሄዳለሁ? ቤቴ እኮ ነው!" ውበቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እያጉረመረመች ወጣች።

ሰገነት ባለችበት ቀረች። ሰው ተቆጥቷት ያውቃል፤ ሰው ወዷት ያውቃል። እየተቆጣ ልጁን ያስታቀፋት ግን አልነበረም። ሁለቱ ነገር በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ሊኖር እንደሚችል ማን ነግሯት ያውቃል? ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። እያለቀሰች ሳቀች፤ ሕፃኗም ከአገጯ ላይ የምትንጠባጠበውን ጠላ በግርምት ተመለከተች።

እትዬ አመተ ሥላሴ ፎጣ ፈልገው አመጡና፣ "ጎንበስ በይ፣ ቅንድብሽ ላይ ጌሾ አለ" አሏት። ፊቷን ጠራርገው ሲጨርሱ ሕፃኗን አይተው ተቆጡ።

"አንገቷን ደገፍ አድርጊያት እንጂ! ነገ ቄሱ ፊት እንደዚህ ነው የምትይዣት?"