የአቶ አረጋ አገጭ

የቀበሌው ሊቀመንበር ደርበው የነቃሿን የሸጌን መርፌዎች ከነጥቀርሻ ማሰሮዋ ሲወስድባት ሸጌ አላለቀሰችም፤ ረገመችው እንጂ። «ንቅሳት ጎታች ባህል ነው፤ አብዮቱ አይፈልገውም» ይላል፣ የገዛ እናቱ በሸጌ እናት እጅ አንገቷን ተነቅሳ የተዳረች ሰው! ሙያው ከእናቷ የወረሰችው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎጆዋን ያቆመላት፣ በመንደሩም ሰው ያሰኛት እሱ ነበር። መርፌ የሌላት ሸጌ ማን ናት? ማንም።

እንዲህ እየተራገመች ሳለ አንዲት እንግዳ የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ መጡ። ከኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ደርበው «ከሠለጠነው ዓለም የመጣ ሰው ተመልከቱ!» ብሎ መንደሩን በሙሉ አሰልፎ ነበር። አስጎብኚው ምስጋኑ ፊት ፊት እየመራ ሲያመጣቸው ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። የሴትዮዋ ከንፈር ጠቁሯል፤ አገጫቸው ደግሞ እየተጠማዘዘ በሚወርድ ንቅሳት ተሞልቷል።

ደርበውን ሳል ያዘው።

እንግዳዋ የሸጌን የተነቀሰ አንገት ሲያዩ ሰልፉን ጥሰው ወደ እሷ መጡ። ሸጌ እንደ ወጉ ጉንጯን ሰጠች፤ እሳቸው አፍንጫቸውን አቀረቡ። ሌላውን ጉንጭ ላዙር ስትል አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጩ።

«ኧረ ምነው፣ እያሸተቱኝ ነው እንዴ?» አለች ሸጌ።

«ሰላምታቸው ነው፤ እስትንፋስ መካፈል ነው። ዝም ብለሽ አፍንጫሽን ስጫቸው» አለ ምስጋኑ።

ደርበው እንደምንም ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ይህን በግድ የነቀሳቸው የትኛው ባላባት እንደሆነ ጠይቅልን» አለ። እንግዳዋ ሳቁ። ያስገደዳቸው የለም፤ እንዲያውም ሽማግሌዎች መክረው ይገባታል ካሉ በኋላ ነው የተነቀሱት። አገጫቸው ከማን እንደተወለዱ፣ የየትኛው አገር ሰው እንደሆኑ ይናገራል። የሌላውን ሰው ንቅሳት መውሰድማ የሌላውን አባት አባቴ ነው እንደ ማለት ነው፣ ነውር ነው አሉ።

ይኼኔ ከሰልፉ ኋላ ተቀምጠው የነበሩት አቶ አረጋ ተነሡ። የደርበው አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በርስት ሙግት ነው፤ የመሬቱ አዋጅ ርስትን ከሻረ ወዲህ ግን ሚስቱ እንደሞተችበት ሰው ሆነው ከርመዋል።

«ታዲያ ይህ አገጭ ለርስት ይመሰክራል?» አሉ።

ምስጋኑ ጠየቀ። «ከአያቶቻቸው መሬት ጋር ያስተሳስራቸዋል ነው የሚሉት።»

«ሣርስ አለው መሬቱ?»

«በጉ በቁጥር ከሰው ይበልጣል ይላሉ።»

አቶ አረጋ ጺማቸውን እያሻሹ ተቀመጡ።

እንግዳዋ በሄዱ ሳምንት ሳይሞላ፣ አቶ አረጋ ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ሸጌ ቤት ገቡ። ከዚያ ሁሉ ጺም በታች ያለችው አገጭ የሕፃን ታክላለች። ሸጌ ሳቋን ዋጠች፤ በእጃቸው ያለውን ስታይ ደግሞ ሳቁ ጠፋ። መርፌዎቿ ነበሩ።

«ደርበው ሰጠዎት?»

«ከጧት ጀምሬ ስሞግተው ሰለቸውና ጥሎልኝ ሄደ። በይ፣ እንደ እንግዳዋ አድርገሽ ንቀሺኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ለርስት ነዋ! የዚህኛውን አዋጁ ወሰደብኝ። እዚያ አዋጅ የለም።»

«አያ አረጋ፣ ያ እኮ የሴት ንቅሳት ነው።»

«በሴት በኩልስ ርስት አይወረስም?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፣ ሸጌ። እምቢ ካልሽ መርፌውን ለደርበው እመልሳለሁ።»

ሸጌ መርፌዎቹን አየች፤ በጣም ናፍቀዋት ነበር። ነገር ግን የዚያች ሴት እስትንፋስ እስካሁን አፍንጫዋ ላይ ያለ መሰላት፤ እንዴት አድርጋ ንቅሳታቸውን ትስረቅባቸው? ስለዚህ አንድ ደንብ እዚያው ፈጠረች።

«እሺ፤ ግን የሚነቀስ ሰው አባቶቹን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነው። ርስት የሚጠይቁባቸውን ይቁጠሩ።»

አቶ አረጋ ተጋደሙ። መርፌው ቀረበ።

«እኔ አረጋ፣ የ... የኒውዚላንዱ...» ብለው ተደናቀፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሐሰት ዘር ቆጣሪ ሲያጋልጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው እምቢ አለቻቸው። «የ... የታፈረ ልጅ!» የሚለው በራሱ ጊዜ ወጣ። ታፈረ የሀብተ ሥላሴ፣ ሀብተ ሥላሴ የውባንተ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ወረዱና እንደ ልጅ አለቀሱ።

«ከአዋጁ ወዲህ እኮ አባቶቼን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ሸጌ። አንድ ሰው እንኳ።»

ሸጌም አብራቸው አለቀሰች። ከዚያ ለእያንዳንዱ አባት አንዳንድ ነጥብ አገጫቸው ላይ ነቀሰችላቸው። አገጫቸው አብጦ ማኘክ ስላቃታቸው አቶ አረጋ በሶ እየበጠበጡ ሲጠጡ ሰነበቱ።

ወሬው ደርበው ዘንድ ደረሰ። እየፎከረ ሸጌ ቤት መጣ። «በእኔ ቀበሌ! በገዛ አጎቴ ላይ! መርፌውን አምጪ!»

ሸጌ መርፌውን ጉያዋ ውስጥ ጨበጠች። እዚያው የነበሩት አቶ አረጋ ግን ያበጠ አገጫቸውን ወደ ደርበው ቀና አደረጉ።

«መጀመሪያ ይህቺን ንካ። አያትህ ታፈረ ናቸው።»

ደርበው ዞር ብሎ ውጪውን ቃኘ፤ ቆቡን አወለቀ። ጣቱን ሰዶ በቀስታ ነካ።

«ከሳቸው በላይ ያለችውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አታውቅም?»

«ማን ነገረኝ?»

አቶ አረጋ ነገሩት። ጣቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሄደ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ጀመረ። መሸት ሲል የመርፌውን ነገር ሳያነሣ፣ ስሞቹን እያነበነበ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ሳይርቅ ግን አቶ አረጋ ከደጃፉ ቆመው ጮኹበት።

«ውባንተን ዘለልካቸው! ተመለስ!»

ሊቀመንበሩም ተመለሰ።