መብራት የረሳሁት እኔ አይደለሁም

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው አሮጌዋ የጭነት መኪና «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ደግማ አዞረችው። ጠቅ። ከጎኗ አባቷ የሐኪም ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የዓይናቸውን ሞራ ሊገፈፉ የተቀጠሩት ለሁለት ሰዓት ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ እስኪገፋ፣ ሞተሩ እስኪነሳ ሰዓቱ አለፈ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ መዝገቡን ገልጣ፣ «ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ» አለቻቸው።

ማታ ታላቅ ወንድሟ መጣና ገና ሳይቀመጥ ጮኸባት።

«መብራት አጥፊ እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኜሻለሁ? በአባዬ ዓይን ቀለድሽ እኮ!»

«አጥፍቻለሁ።»

«ታዲያ ባትሪው በራሱ ጊዜ ሞተ?»

አባቷ መንዳት ካቆሙ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ይህችን መኪና ነድታለች፤ ድንጋይም አሸዋም ጭናባታለች፤ እንዲህ አዋርዳት አታውቅም። ባትሪውን ቀይራለች። አዲሱም ቢሆን መኪናዋ ቅዳሜ ከቆመች ሰኞ ሞቶ ይገኛል። ያን ሌሊት ጥርሷን ነክሳ አደረች።

በማግስቱ በግፊ አስነስታ ሰፈር ውስጥ ካለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ከቅጥነታቸው የተነሳ «ሽቦ» ይባላሉ፤ ስሙን ራሳቸውም ወደውታል።

«ጋሼ ሽቦ፣ ዛሬ ባትሪዬን የሚበላውን ነገር ሳላገኝ ከዚህ አልሄድም።»

«ቁልፉን ንቀይ። በሩን ዝጊ። ሬዲዮውንም አጥፊ» አሏት። ከባትሪው ላይ የኔጌቲቩን ገመድ ፈቱና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን በገመዱና በባትሪው መካከል አስገቡ። ቁጥሩን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «መኪናዋ ተኝታ መሳብ የሌለባትን ያህል ትስባለች። ከአንድ አምፔር በላይ! እኔ ቁጥሩን ልይ፣ አንቺ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀይ። ቁጥሩ የወረደበት እሱ ነው ሌባው።»

የፊት መብራቱን ፊውዝ ነቀለች። «አልወረደም።» የጥሩንባውን። «አልወረደም።» የመጥረጊያውን፣ የሬዲዮውን፣ የኋላ መብራቱን። ፊውዝ አለቀ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲያው በፊውዝ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የሚጠባ አለ» አሉ ሽቦ። «ሽቦውን ተከተይ።»

በጀርባዋ ተኝታ ከመሪው ሥር ገባች። የአባቷ ዘመን ሽቦዎች ሁሉ በአቧራና በዘይት አንድ ቀለም ሆነዋል። ከመሃላቸው አንድ ቀይ ሽቦ ትናንት የተገዛ ይመስል ያበራል። እየዳበሰች ተከተለችው። ከሬዲዮው ጀርባ፣ ክብሪት የምታህል ጥቁር ሳጥን አረንጓዴ መብራቷን እያርገበገበች በፕላስተር ተጣብቃለች። ስትነቅላት የጋሼ ሽቦ ድምፅ ከውጭ መጣ፦ «ወረደ! ዜሮ ገባ!»

ሽማግሌው ሳጥኗን ከፈቷት። የስልክ ሲም ካርድ አለባት።

«ይሄ መከታተያ ነው፤ የት እንዳለሽ በስልክ ያሳያል። ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ተበላሽቷል፣ ለዚያ ነው ሌት ተቀን የሚጠባው። ማን ነው ያስገባልሽ?»

ከሦስት ወር በፊት ወንድሟ «ሲሚንቶ ልጫንባት» ብሎ ወስዶ፣ አሳጥቦ የመለሳት ቀን ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ፣ «ድልድዩ ጋ አርባ ደቂቃ ምን ትሠሪ ነበር?» እያለ ይጠይቃት ጀመር፤ እንዴት አወቅህ ስትለው፣ «ሰው አይቶሽ ነው» ይላት ነበር። ሰው!

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ወንድሟ የቀለም ሱቅ ገባች። ደንበኞች ቆመዋል። ሳጥኗን ባንኮኒው ላይ ጣለችለት።

«ዕቃህን ረስተህ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ለአንቺው ደህንነት ብዬ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ያን ሁሉ መንገድ…»

«ለደህንነቴ ከሆነ ለምን ደበቅከው? አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው! እንደ ጠፋ በግ ትፈልገኛለህ?»

«ባትሪ እንደሚበላ አላወቅኩም፣ እውነቴን ነው።»

«ሳታውቅ ነው እንዴ እንደዚያ የጮህክብኝ? የአባዬን ቀጠሮ ያሳለፈው ያንተ ዕቃ ነው። ተነስ፤ አንተው ትነግራቸዋለህ።»

አንድ ደንበኛ የቀለም ጣሳውን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ።

ቤት ሲደርሱ አባታቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ልጃቸው ሲናዘዝ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ስነዳት ማን ይከተለኝ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። ወንድሟ ጉልበታቸው ሥር ሊንበረከክ ሲል፣ «እኔን ተወኝ፤ ወደ እሷ ዙር» አሉት።

ዞረ። «ይቅርታ፣ እህቴ።»

ምንም አይደለም እንድትለው ጠበቀ። አላለችም። «ሰምቻለሁ» ብላ ወጣች።

ወንድሟ በማግስቱ ሆስፒታል ሄዶ፣ ነርሷን ለምኖ አስለምኖ ቀጠሮውን ወደ ሦስት ሳምንት አስቀረበው። ቀኑ ሲደርስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። እናታቸው መኪናዋ ውስጥ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ነበር።

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አላት።

«ከፊት ቦታ የለም።»

ሱሪውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጎ፣ አሸዋ የሚጫንበት ላይ ወጣ። እሷም ለአንድም ጉድጓድ ፍጥነት ሳትቀንስለት ነዳች።