በረዶ አመላላሹ ፍሪጅ ተሸከመ

ሰፈሩ ሁሉ «በረዶው» ነበር የሚለው። ዕድሜውን የጨረሰው ከፋብሪካ የሚወጣ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ በየፎቁ ሲያመላልስ ነው። ሰዎቹ በረዶውን ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከትተው ወተትና ሥጋ ያቆዩበት ነበር። ትከሻው ክረምት ከበጋ ከእርጥበት ስለማይለይ ቁርጥማት ገብቶበታል።

ከዚያ ፍሪጅ መጣ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ «ከእንግዲህ አትድከም» አሉት። ፋብሪካውም ሲዘጋ ፍሪጅ የሚሸጥ ሱቅ ተሸካሚ አድርጎ ቀጠረው፤ የሰፈሩን ደረጃ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

አንድ ቀን የተላከው እስከ መጨረሻው በረዶ ስትገዛው ወደነበረችው ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ቤቷ ላይኛው ፎቅ ነው። አብሮት ከሚሸከመው የሚስቱ ወንድም ጋር ፍሪጁን በገመድ አስረው ሲወጡ መሀል ደረጃ ላይ ቆም አለ።

«አይዞህ፣ ደረስን» አለው የሚስቱ ወንድም ከታች ሆኖ።

«ዝም ብለህ ግፋ! በረዶ እንኳ ይዘውት ሲወጡ እየቀለጠ ይቀላል። ይሄ ግን…» ትንፋሽ አጠረውና ተወው።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ስታየው ክው አለች።

«ውይ! አንተን ይልኩብኛል ብዬ መች አሰብኩ? ልጄ ነው ግዢ ግዢ ብሎ የነዘነዘኝ።»

«ምን ያስጨንቅሻል እህቴ? ለኔም የዕለት ጉርሴ ነው።»

ፍሪጁን ጥግ አስይዘው ሶኬቱን ሰኩት። እምም… አለ። ሦስቱም ቆመው አዳመጡት። በኋላ ልብስ ሰፊዋ አሮጌውን የበረዶ ሣጥኗን እያየች «እሱንስ ምን ላድርገው? መጣሉ ከበደኝ» አለች።

«ለኔ ስጪኝ» አላት በረዶ አመላላሹ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም።

ማምሻውን ሣጥኑን አዝሎ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰው፣ የሚሸከሙት አነሰህ? በረዶ በሌለበት አገር ይሄ ምን ይሠራልናል?»

ሣጥኑን አውርዶ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። እሷም ትንሽ አጉረመረመች፣ ከዚያ ሣጥኑን በጨርቅ ወለወለችና ትርፍ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፋ ከተተችበት። ይሄን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወገቡን ስለያዘው ቶሎ አቆመ።

«ነገም ፍሪጅ አለ?» አለችው ትከሻውን በዘይት እያሸች።

«አለ። እሱም ፎቅ ላይ ነው።»

ሌላ ነገር ልትለው ስትል እንቅልፍ ጥሎታል። ጫማውን አወለቀችለት።