ሳይከበብ ያለፈው ዓረፍተ ነገር

እኔ ዓይኔን የጨፈንኩ ዕለት፣ ይቺን ልጅ ማን «ተይ» ይላታል?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ራሷን ሳትጠይቅ ያለፈችው ሐሙስ የለም፤ መልሱን ያገኘችበት ሐሙስም የለም። ሐሙስ የጽሑፍ ቀን ነው። የልጅ ልጇ ከሥራ ስትመለስ ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ለአያቷ ዓይን ብላ ፊደሉን እንደ መንገድ ማስታወቂያ አግዝፋ ያተመችው ነው። አያትየዋ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ቀይ እርሳሷን ይዛ ማንበብ ትጀምራለች።

ልጅቷ ስልክ ጠጋኝ ናት። ገና በአምስት ዓመቷ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ባንዴ ሲንጫጫ ወንበር ላይ ወጥታ «ተራ በተራ! አንተ፣ አልፈቀድኩልህም!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ አፈ ጉባኤ ሆኖ ቀረ። ቀን ቀን የተሰነጠቀ ስክሪን ትቀይራለች፣ ውሃ የገባበትን ስልክ ፈታታ ታደርቃለች። በሳምንት አንዴ ደግሞ በኢንተርኔት ገጿ ላይ የመሰላትን ትጽፋለች፤ ስለ ቴክኖሎጂው፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ፖለቲካው፣ የሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ እንኳ አይቀራትም። አርባ ሺህ ሰው ይከታተላታል። አያትየዋ ይህን ቁጥር ስትሰማ ደረቷ በኩራት ይነፋል፤ ወዲያው ደግሞ ትሰጋለች። አርባ ሺህ ሰው መሀል አንድ ክፉ አይጠፋማ!

ስለዚህ ስምምነት አላቸው። አያት በቀይ እርሳስ የከበበችው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። ክርክር ተፈቅዷል፣ መጮህም ተፈቅዷል፤ መጨረሻው ግን ያው ነው፣ የተከበበ ይሰረዛል። ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። አያትየዋ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት አጣፊ ሆና የሠራች ሴት ናት። አንድ ጠዋት፣ ታትሞና ተጣጥፎ ካለቀ መጽሔት ውስጥ አንዱን ገጽ እየገነጠላችሁ አውጡ ተባሉና እሷና ጓደኞቿ ቀኑን ሙሉ ሲገነጥሉ ዋሉ። የዚያ ገጽ ጸሐፊ በሩ ላይ ሲያገኛቸው ሁልጊዜ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም የሚላቸው ጨዋ ሰው ነበር። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰውም አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። እንግዲህ ይህን ያየች ሴት፣ እናቷ ሞታ በስድስት ዓመቷ እጇ ላይ የወደቀችን ልጅ እንዴት አድርጋ ዝም ብላ ትልቀቃት?

የዚህ ሳምንቱ ጽሑፍ ስለ ሆስፒታሉ ነበር። ካርድ ክፍሉ ሦስቱንም መስኮቶቹን ዘግቶ፣ ከእንግዲህ ወረፋ የሚያዘው በስልክ ብቻ ነው ካለ ሦስት ወር አልፎታል። አያትየዋ እስከ ግማሹ ድረስ በደህና ወረደች። ከዚያ እርሳሷ ቀጥ አለ።

«ይህን የወሰነው የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አጎቴ ነው። እወደዋለሁ፤ ግን ተሳስቷል» ይላል።

«ኧረ ጉድ ፈላ! ይሄ ልጄ አይደለም እንዴ?»

«ልጅሽ ነው» አለች አፈ ጉባኤ፣ ጫማዋን እያወለቀች።

«አርባ ሺህ ሰው ፊት?»

«ስሙን አልጠራሁም እኮ እማዬ።»

«አጎቴ ካልሽ በኋላ ምን ቀረው! ጉርድ ፎቶግራፉን መለጠፍ ብቻ!»

ልጅቷ ሳቀች። አያትየዋ ግን ፊቷን እንዳጠቆረች ነበር።

«አጎቴ መሆኑን ካልጻፍኩ ደግሞ ነገ ሰው ሲያውቅ ደበቀች ይለኛል» አለች ልጅቷ፣ አሁን ሳቋን ትታ። «የሰው አጎት ላይ ስጽፍ ሁሉም አጨብጭቦልኛል። የራሴው ላይ ስደርስ ዝም ካልኩ፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ሐሜት ነበር ማለት ነው።»

«ምላስ እንደሆነ አላነሰሽም!»

«ከማን ወረስኩት?»

«ከአባትሽ ወገን ነዋ!»

«እማዬ፣ ስሚኝ። በየቀኑ ስንት ሽማግሌ ሱቄ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ስልክ ሊያሠሩ እንዳይመስልሽ። ወረፋ አስይዥልን ብለው ነው። ሲስተር ራሷ መጥታ ነበር።»

«የቷ ሲስተር? የእኛዋ?»

የእነሱዋ ሲስተር ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። እዚያው ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ ወጥታለች።

«የእኛዋ። ዓይኗ ስክሪኑን አላይ ብሏታል። ለአያትሽ እንዳትነግሪያት፣ ልጇን ያማሁባት መስሏት ታዝንብኛለች ብላ ለመነችኝ።»

አያትየዋ እርሳሷን አስቀመጠች። ሲስተር ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ፣ ስለ ጉልበቷ እንጂ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለችም ነበር።

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ ስጪኝ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ለማንም ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፍራ ሆስፒታሉ ሄደች። ለራሷ ያለችው «ልጄን በአሉባልታ አልፈርድበትም» ነበር። ገና ስትገባ ልቧ በደስታ ተሞላ። ድሮ ገና ሳይነጋ ሰው እርስ በርሱ የሚረጋገጥበት ኮሪደር ጸጥ ብሏል፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ብልጭ አድርገው እያሳዩ ቀጥ ብለው ይገባሉ። የልጄ ሥራ፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ዞር ስትል አግዳሚ ወንበሩን አየችው። ከተዘጉት መስኮቶች ሥር፣ «ምዝገባ በስልክ ብቻ፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ከሚል ወረቀት በታች፣ ስምንት ሽማግሌና አሮጊት ተደርድረዋል።

«እማማ፣ ስልክ ይዘዋል?» አላት ጥበቃው። ክፉ ሰው አልነበረም።

ባለ ቁልፏን ስልክ አውጥታ አሳየችው።

«ይሄ አይሆንም። የሚዳሰሰው ነው የሚያስፈልገው። ልጅ የለዎትም?»

የለዎትም! መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ኃላፊው ልጄ ነው ብትል በሩ ወለል ብሎ ይከፈትላታል፤ ወንበርም ይመጣላታል። ይህን ቃል ስንት ዓመት በየዳቦ ቤቱና በየአውቶቡሱ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ስትናገረው ኖራለች። ዛሬ ግን ከጎኗ የሕክምና ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ የያዘ ሽማግሌ ነበር።

«እርስዎስ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችው።

«ማንንም። የሚዳሰስ ስልክ የያዘ አንድ ደግ ሰው ቢያልፍ ብዬ ነው። ትናንት አላለፈም።»

አያትየዋ ቃሏን ዋጠችው። ከአጠገቡ ተቀምጣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አብራው ጠበቀች። ደግ ሰው ያለፈው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

ማታ ወረቀቱን እንደገና ዘረጋችው። አጎቴ ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር አነበበችው፣ ደገመችው፤ ሳትከብበው አለፈችው። ወረድ ብላ ሌላውን ከበበች። «እሱ የወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም» የሚለውን።

«ይሄ ውሸት ነው» አለች። «እናትሽ የታመመች ጊዜ ካርድ ለማውጣት ሦስት ቀን እዚያ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። በሦስተኛው ቀን ተራው ሲደርስ ለዛሬ ካርድ አልቋል አሉት። ይሄን የስልክ ነገር ያመጣው ሌላው ሰው እንደሱ እንዳይጉላላ ብሎ ነው። ይሄን መጀመሪያ ጻፊ። ከዚያ ተሳስቷል በይ።»

አፈ ጉባኤ ወደተከበበው መስመር ጎንበስ አለች። «ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

«ሕፃን ነበርሻ። ደግሞ ስልኩ ይቅር እንዳትዪ። ወጣቶቹ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፣ ደስ ይላል። አንድ መስኮት ይከፈት በይ፣ በቃ።»

«የላይኛውን ግን አልከበብሽውም።»

«ዓይን አለኝ፣ አይቼዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም! ሐሳቤን ሳልቀይር ውሰጂልኝ ከፊቴ!»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጽሑፉ የሲስተርንም ጉዳይ ይዞ ገጹ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲስተር በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ ማንም አላወቀኝም፤ ዛሬ በዓይኔ መድከም ታወቅሁልሻ!» አለች፤ ቅር ያላት ግን አትመስልም። ልጅቷን አስቀምጣ የአንባቢዎቹን አስተያየት ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አዘዘቻት። አንዱ «ቤተሰቧን የሸጠች» ይላል፤ አያትየዋ ደረቷን ያዘች። ሌላው «ይቺን ልጅ ያሳደጋት ማነው?» ይላል።

አያትየዋ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«ምን አለ ያ የመጨረሻው?»

«ይቺን ልጅ ያሳደጋት ማነው።»

«ጆሮዬ እኮ... እስቲ ድገሚልኝ።»

«ኧረ ሦስተኛሽ ነው!» አለች ሲስተር፣ «ያሳደገችሽ እሷ መሆኗን ንገሪው እንግዲህ፣ አድራሻዋም ይኸው በይው!»

እሑድ ልጇ መጣ። ሌላ ጊዜ ዳቦ ሳይዝ አይመጣም፤ ዛሬ ባዶ እጁን ነው። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ጀርባ ላይ ጣለ፤ ሰላምታውም ከጥርሱ ነበር።

«ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጠርቶኛል» አለ። «ያላነበበው የለም። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት ሰረቅ እያደረገ ያየኛል!»

«ጋሼ...» አለች አፈ ጉባኤ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«አንቺን አይደለም የምጠይቀው።» ወደ እናቱ ዞረ። «አንብበሽው ነው የወጣው?»

«አንብቤው ነው።»

«የሰውን ሁሉ ስትከቢ ኖረሽ፣ እኔ ላይ ስትደርሺ እርሳስሽ ዶለዶመ?»

ይህ ቃል ወጋት። ግን ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። «ስለ ሦስቱ ቀን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ልጇ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ክፍል ደጋግሞ ማንበቡ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ዓርብ ዕለት መጥቼ ነበር» አለች።

«የት?»

«አንተ ዘንድ። ኮሪደሩ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ ዋልኩ።»

«እማዬ! ስሜን አትጠሪም ነበር? ወዲያው ያስገቡሽ ነበር እኮ!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ሰማው።

«እኔስ አንተን እጠራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ማንን ይጥራ?»

አያትየዋ በሆዷ ተሸበረች። ዛሬ ተቀይሞ ቢሄድና ባይመለስስ? አንድ ልጅ ቀብራለች፤ የቀራት እሱ ነው። ያም ሆኖ ንግግሯን አላለሰለሰችም።

«እኔ በአንተ ሳልኮራ የዋልኩበት ቀን የለም። ዓርብ ዕለት ግን ልጄ ነው ለማለት አፌ ተያዘ። እንደ ድሮዬ አፌን ሞልቼ መናገር እፈልጋለሁ።»

እሱ ፊቱን ወደ አፈ ጉባኤ መለሰ።

«ስንት መስኮት ይከፈት ነው ያላችሁት?» አለ።

«አንድ» አለች አፈ ጉባኤ።

«ሰው ይቀመጥበት ነው የምትዪው?»

«አንድ ሰው ጋሼ። የሚሰማ፣ የሚጽፍ።»

ተነሣ። ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን ቆለፈ፤ ኮሌታውን መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው አስተካከለ። ልጅቷ ልትከተለው ስትል አያትየዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ጀርባው ቀጥ ብሏል። በትምህርት ቤት ዘመኑ፣ ያጠናውን በክፍሉ ፊት ሊናገር ሲሄድ እንደዚህ ነበር የሚቆመው፤ እሷም እንዲህ ከኋላው ሆና ታየው ነበር። በሩን ከፈተና «አንድ መስኮት፣ አንድ ሰው» እያለ ለራሱ እያጉተመተመ ወጣ።