የብሮንዊን ሰደርያ

ሜርቭ ደንስታን ሰውን ከመልኩ ይልቅ በሰደርያው ነበር የሚያውቀው። ጎልድ ኮስት ከተማ አጠገብ፣ ኔራንግ በምትባል ሰፈር፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካሜራ ማረጋጊያ ሲጠግን ኖሯል። ካሜራውን ተሸክመው ፊልም የሚያነሱት ባለሙያዎች ጠንካራ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ከደረቱ ላይ የሚለጠጥ ሞላ የተገጠመለት የብረት ክንድ ይታሰራል፤ ካሜራውን የሚይዘው ክንዱ ነው። ሰውዬው ቢሮጥ፣ ደረጃ ቢወጣ፣ ምስሉ እንደ ኩሬ ውሃ ይረጋል። ክብደቱ ግን የትም አይሄድም፣ ገላ ላይ ያርፋል። የማን ወገብ ወደ ቀኝ እንደሚያጋድል፣ የማን ላብ ስፖንጁን እንደበላው፣ ማን ብሎን ጠፍቶበት በሽቦ አስሮ እንደሠራ ሜርቭ ሰደርያውን አይቶ ይናገር ነበር።

ብሮንዊን ኬሲ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስትመጣ ካያት ዓመት አልፎት ነበር። ካሜራ ተሸካሚ ናት፤ ደንበኛው ከሆነች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰደርያዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ደረቱን አላላልኝ።"

"ደህና አደርክ ማለት ቀረ?"

"ደህና አደርክ፣ አንተ ሽማግሌ። ደረቱን አላላልኝ፤ በግራ በኩል።"

"ምነው፣ ወፈርሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ወፈርኩ።"

ቀና ብሎ አያት። ሸሚዟ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ይመስል ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ውሸቷን እንደሆነ ገባው፤ ግን ሁሉም የየራሱ አመል አለው ብሎ ተወው። ማሰሪያውን አላላ፣ በግራ በኩል ለስለስ ያለ ስፖንጅ ጨመረ፣ አለበሳት። ክንዱን ገጥሞ በካሜራው ፈንታ የልምምድ ብረት ሰቀለላት።

ጓሮው ውስጥ ሰባት ያህል እርምጃ ሄደች። ስምንተኛው ላይ ቆመች። ከንፈሯ ነጣ።

"አውርደው። ቶሎ በል አውርደው!"

አወረደላት። ያገኘችው ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

"ሶፋ ላይ ነው እንዴ አሁን የምትለማመጂው?" አላት ሜርቭ እየሳቀ። "ድሮ ይህን ተሸክመሽ ዳገት ትሮጪ አልነበር?"

አልሳቀችም። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"ግራ ጡቴን አውጥተውታል ሜርቭ። ካንሰር ነበር። ሰደርያው የሚያርፈው ጠባሳው ላይ ነው።"

ሜርቭ የያዘውን ካቻቢቴ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። አንዴ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ መልሶ አነሳው።

"ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ? አንተ ስለ ኩሽኔታ እንጂ ስለ ጡት አውርተህ ታውቃለህ?"

ታላቅ እህቱ ኖሪን ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወደብ ላይ የጀልባ ሸራ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ወንድሟ ዘንድ የገባች ሴት ናት። ውሃ ይዛ መጣችና ከብሮንዊን አጠገብ ተቀመጠች።

"ሐኪሙስ ምን አለ የኔ ልጅ?"

"ሐኪሙማ ሸክም ፈቅዶልኛል። እምቢ ያለው ጠባሳው ነው።" ውሃውን ጠጣች። "ከአምስት ሳምንት በኋላ ፊልም አለብኝ። ዓሣ ገበያ ውስጥ አራት ደቂቃ ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽ። ካወቁ ሌላ ሰው ይጠራሉ። ስለዚህ ትንሽ አላላልኝና ልሂድ።"

"ማላላት አይሆንም" አለ ሜርቭ። "ሰደርያው ከላላ ክንዱ ይዋልላል፤ ጭነቱ ጎትቶ በአፍጢምሽ ይደፋሻል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"አላውቅም። ሰደርያውን እዚህ ተይልኝ።"

መኪናዋ ከግቢው እንደወጣ ኖሪን ወደ ወንድሟ ዞረች። "ሶፋ ላይ ነው እንዴ የምትለማመጂው!" አለች ድምፁን አስመስላ። "አፍህንም እንደ ክንዱ ሞላ ባስገባሁልህ።"

"በቃ ኖሪን።"

"አልበቃም። ቁጭ በልና ሥራ።"

ሜርቭ ቁጭ ብሎ ሠራ። ደረት ላይ ምንም ማረፍ ከሌለበት ጭነቱ በጀርባ ዞሮ ዳሌ ላይ መውረድ ነበረበት። አሉሚኒየም ቆረጠ፣ ሞርሳ ላይ አጎበጠ፣ በሞረድ አለሰለሰ። ክንዱ ከኋላ ተነስቶ በቀኝ ጎን እንዲዞር መያዣውን ወደ ወገብ አወረደው። ኖሪን የዳሌውን መታጠቂያ በወፍራም የሸራ ክር ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፋችው።

ግን የሚያመው የት እንደሆነ ያላመመው ሰው በምን ያውቃል? ብዙ ካሰበ በኋላ የቢራ ቆርኪ አነሳና ሰደርያው ከተጫነው እንዲወጋው ጥርሱን ወደ ገላው አድርጎ በግራ ደረቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ከዚያ ሰደርያውን ለበሰ፣ ብረቱን ሰቀለና መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል ይመላለስ ጀመር።

ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ማጨጃውን አጠፋ። "ሜርቭ! ስንተኛ ወርህ ነው?"

"ዘጠነኛዬን ይዣለሁ! አንተን የመሰለ ከሆነ ግን እመልሰዋለሁ!"

የመጀመሪያው ቀን ቆርኪው ደረቱ ላይ ጥርሱን አትሞ ቀረ፤ ደም ሊወጣው ምንም አልቀረው። የላይኛውን ማሰሪያ አነሳው። በማግስቱ ዳሌው ቆስሎ አደረ፤ መታጠቂያው ሰፋ። ከዚያ ሲታጠፍ ጀርባውን ወደ ኋላ ይጎትተው ጀመር። ሁለት ጊዜ ሥራውን አፍርሶ እንደ አዲስ ጀመረ። ሦስተኛው ሳምንት አልቆ አንድ ቀን ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ኖሪን የቆርኪውን ምልክት ልታይ መነጽሯን አድርጋ ቀረበችው።

"ምንም የለም" አለች።

"በደንብ እይ።"

"አየሁ እኮ! ሽበት እንጂ ሌላ ነገር የለም።"

ብሮንዊን መጥታ ለበሰችው። ጓሮውን ዞረች፣ የቤቱን ደረጃ ወጣች፣ ወረደች፣ ወደ መንገዱ ወጥታ ከዓይን ጠፋች። አሥር ደቂቃ ቆይታ ስትመለስ ላብ አጥምቋታል፤ ፊቷ ግን የደህና ሰው ፊት ነበር። ኖሪንን በአንድ እጇ አቀፈቻት።

"አንድ ነገር ይቀራል" አላት ሜርቭ። "ካሜራውን የሚያሸክምሽ ሰው ድሮ እንደለመደው ደረትሽን ተደግፎ ነው የሚሰቅለው። ሊነገረው ይገባል።"

"አልናገርም።"

"አንዴ በእጁ ቢገፋሽ የእኔ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።"

"አልናገርም አልኩ እኮ።"

የቀረጻው ቀን ሜርቭንም ይዛው ሄደች። ስቱዲዮው ውስጥ የዓሣ ገበያ ሠርተዋል፤ በረዶውና ዓሣው እውነተኛ ስለነበር ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሚያሸክማት ታቪታ የሚባል በር የሚያክል የሳሞአ ሰው ነው። ካሜራውን አቅፎ መጣና እንደ ልማዱ ግራ እጁን ወደ ደረቷ ሰነዘረ።

"ቆይ!" አለች ብሮንዊን። ሜርቭን ገልመጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ወደ ታቪታ ጠጋ ብላ በዝግታ ነገረችው።

ታቪታ ካሜራውን እንዳቀፈ ቆሞ ሰማት። "እናቴም እንዲሁ ናት" አላት። "ንገሪኝ እህቴ፣ እጄን የማላሳርፈው የት የት ነው?"

አሳየችው። ከቀኝ ዞሮ ሰቀለላት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች በተዋናዮቹ ስህተት ተበላሹ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ሰምሮ ሳለ፣ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ብሮንዊን እጇን አነሳች። "ይቅርታ፣ ላርፍ" አለች ጮክ ብላ። ድሮ እንዲህ ብላ አታውቅም። ገበያው ሁሉ ቆመ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች፣ ብሮንዊንን አየች። "ሩብ ሰዓት" አለች ለሁሉም፤ ሰዉ ወደ ሻዩ ተበተነ።

ከሩብ ሰዓቱ በኋላ ታቪታ እንደገና አሸከማት። ሜርቭ ምስሉን የሚያሳየው ቴሌቪዥን ጋ አልሄደም፤ የሚያየው ዳሌዋን ነበር። በዓሣ ሻጮቹ መሃል አለፈች፣ እርጥቡን ደረጃ ወረደች፣ ሮጠች። በቃ ሲባል መጀመሪያ ያጨበጨበችው ዳይሬክተሯ ናት።

ብሮንዊን የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የሥጋ ፓይ ስትበላ ሜርቭ አጠገቧ ቆመ። ሊያመሰግናት ይሁን እስክታመሰግነው ሊጠብቅ አላወቀም።

"አመመሽ?"

"እጄን ያነሳሁ ጊዜ አሞኝ ነበር። ዳሌዬን እንጂ እዚያ አይደለም።" አፏን ጠረገች። "መታጠቂያው በቀኝ በኩል ግማሽ ሴንቲ ይጠብቅልኝ። ነገም አለብኝ።"

"ግማሽ ሴንቲ" አለ ሜርቭና እግሯ ሥር ተንበርክኮ ብሎኑን ይፈታ ጀመር።